ላፕቶፑ ሳይጠየቅ ስሙን ሲቀይር፦ የሊኑክስ ሆስትኔም ችግርና መፍትሄ

ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ የዲዛይንና የህትመት ቤት ኮምፒውተር ሲያስቸግረው የሚደወለው ለእኔ ነው። ባለፈው ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ዲዛይነሯ ደወለች። «ኧረ ወንድሜ፣ ላፕቶፔ ራሱን ካሸር ብሎ እየጠራ ነው፣ ተጠለፍኩ መሰለኝ!» ሳቄን ዋጥ አድርጌ ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል በእግሬ ሄድኩ።

እውነትም ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ከ«አት» ምልክቱ በኋላ ያለው የማሽኑ ስም፣ ሆስትኔም የሚባለው፣ ጠዋት «ፌዶራ» (የሊኑክሱ ዓይነት ስም) ይል የነበረው «ካሸር» ሆኗል። እሷን ያስደነገጣት ግን ይሄ ብቻ አይደለም። ክሮም አልከፈትም ብሏታል፤ ፕሮፋይሉ «በሌላ ኮምፒውተር ላይ» እየሰራ ነው ይላታል። በእሷ ቦታ ብትሆኑ እናንተም ሌባ ገባ ነበር የምትሉት። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ክሮም ሲከፈት የማሽኑን ስም መቆለፊያ ፋይሉ ላይ ይጽፋል። ስሙ መሃል ላይ ከተቀየረ የራሱን ቁልፍ የሌላ ማሽን ነው ብሎ ያስባል። ሌላም ምልክት አለ። ቀድሞ የተከፈተ ተርሚናል አሮጌውን ስም ይዞ ይቆያል፣ አዲስ የከፈታችሁት አዲሱን ያሳያል፣ ስለዚህ ሁለት ስም ጎን ለጎን ብታዩ ግራ አትጋቡ።

መጀመሪያ አንድ ትእዛዝ። ተርሚናል ላይ «ሆስትኔም» ብላችሁ ክፍት ቦታ ሳትተዉ «ሲ፣ ቲ፣ ኤል» የሚሉትን ፊደላት ጨምሩና ኢንተር በሉ። ሊኑክስ ለአንድ ማሽን ሦስት ዓይነት ስም ሊይዝ ይችላል። «ስታቲክ» የሚባለው ቋሚው ነው፣ «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ «ሆስትኔም» በሚባል ፋይል ተጽፎ ይቀመጣል። «ትራንዚየንት» ጊዜያዊው ነው፣ ከኔትወርክ ሊመጣ ይችላል፣ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። «ፕሪቲ» ደግሞ ለጌጥ ነው፤ በአማርኛ ፊደል «የዲዛይን ክፍል ላፕቶፕ» ብላችሁ ብትጽፉበትም ቅር አይለውም።

የእሷ ላፕቶፕ ላይ የስታቲክ መስመሩ «አንሴት» ይላል። ማለትም ሊኑክሱን የጫነው ሰው ስም አልሰጠውም። ወላጅ ስም ያላወጣለትን ልጅ ሰፈር ስም ያወጣለታል፣ እዚህም የሆነው ያው ነው። ቋሚ ስም ከሌለ፣ ወይም ቋሚው ስም «ሎካልሆስት» (ማንኛውም ማሽን ራሱን የሚጠራበት የወል ስም) ከሆነ፣ ኔትወርክ ማኔጀር (የሊኑክሱን የኔትወርክ ግንኙነት የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ስም ፍለጋ ይወጣል። መጀመሪያ ራውተሩ አይፒ (የማሽኑን የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ሲያድል፣ በዲኤችሲፒ (አይፒ በሚታደልበት ሥርዓት) ስም አብሮ ልኮ እንደሆነ ያያል። ካልላከ ደግሞ «ይህ አይፒ ማን ይባላል?» ብሎ ዲኤንኤሱን (ስምና አይፒን የሚያዛምደውን አገልግሎት) ይጠይቃል።

ይህን በግምት አትመኑ፣ ሎጉ (ማሽኑ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ) ራሱ ይናገራል። «ጆርናል» ብላችሁ እንደቅድሙ «ሲቲኤል» ቀጥሉበት፣ ከዚያ የኔትወርክ ማኔጀርን መዝገብ ከፍታችሁ «ሴት ሆስትኔም» የሚለውን ፈልጉ። ስሙ ምን እንደተደረገና ከየት እንደመጣ በቅንፍ ተጽፎ ታገኛላችሁ፦ «ፍሮም ዲኤችሲፒ ቪ4» ወይም «ፍሮም አድረስ ሉክአፕ»። የእሷ ሁለተኛው ነበር። ራውተሩ ውስጥ ድሮ አንድ ሰው በእጁ የጻፈው የአይፒና የስም ዝርዝር አለ፣ እዚያ ላይ ያቺ አይፒ የካሸሯ ማሽን ናት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እንደ አዲስ አይፒ አደለ፣ ያቺ ቁጥር ለዲዛይነሯ ደረሰች፣ ስሙም ተከትሎ መጣ። ጠላፊ የለም።

መፍትሄው አንድ መስመር ነው። «ሱዶ» (ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽም ቃል) ብላችሁ ያንኑ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ጻፉ፣ ቀጥሎ «ሴት-ሆስትኔም»፣ ከዚያ የምትፈልጉትን ስም። ስሙ በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በሰረዝ ይሁን። አንደርስኮር ይቅርባችሁ። ከ64 ቁምፊ ማለፍ አይችልም፣ ግን ማን ያን ያህል ይጽፋል? አደራ፣ «ሆስትኔም» የሚለውን አጭሩን ትእዛዝ ብቻ ተጠቅማችሁ እንዳትቀይሩ። እሱ የሚያዘው እስከሚቀጥለው ሪስታርት ነው፣ ነገ ያው ጣጣ ይመለሳል።

የሊኑክሳችሁ ዓይነት ዲቢያን ወይም ኡቡንቱ ከሆነ ሥራው እዚህ አያልቅም። «ኢቲሲ» ውስጥ «ሆስትስ» የሚባለውን ፋይል ክፈቱ። 127.0.1.1 የሚል መስመር ካለ አጠገቡ ያለውን አሮጌ ስም በአዲሱ ቀይሩት። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ «ሱዶ» ባለ ቁጥር «ሆስቱን ማግኘት አልቻልኩም» የሚል ወቀሳ ይሰማል፣ አንዳንዴም ትእዛዙ ሲጎተት ያያል።

ክሮምን ለማስታረቅ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ ከዚያ ሆም ፎልደር ስር በተደበቀው «ኮንፊግ» ውስጥ ካለው የጉግል ክሮም ፎልደር «ሲንግልተን ሎክ» የሚለውን ፋይል አጥፉ። ሌሎች ፕሮግራሞችም አዲስ መስኮት አንከፍትም ካሉ ሎግአውት አድርጋችሁ ግቡ። በኤክስ (መስኮቶችን ስክሪን ላይ በሚያሳየው ሥርዓት) የሚሰራ ዴስክቶፕ የመግቢያ ፈቃዱን ከማሽኑ ስም ጋር ስለሚያያይዘው ነው።

ቋሚ ስም እያለስ ከተቀየረ? ያኔ ጥያቄው ሌላ ነው። የክላውድ ሰርቨር (በኢንተርኔት የምትከራዩት ማሽን) ከሆነ ክላውድ-ኢኒትን፣ ማለትም ሰርቨሩ ሲነሳ የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም፣ ጠርጥሩ፣ ማሽኑ ሲነሳ ስሙን መልሶ ሊጽፈው ይችላል። ኮንፊጉ ላይ «ፕሪዘርቭ ሆስትኔም» የሚለውን «ትሩ» አድርጉት፣ በሁለቱ ቃላት መሃል አንደርስኮር አለ። ስሙ 12 ቁምፊ የተደበላለቀ ቁጥርና ፊደል ከሆነ ደግሞ ምናልባት ዶከር ኮንቴይነር (በማሽኑ ውስጥ ለብቻው ተከልሎ ፕሮግራም የሚሰራበት ክፍል) ውስጥ ናችሁ፣ «ኤግዚት» ብላችሁ ውጡና እዩ። (ደርሶብኛል፣ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ ለማንም አልተናገርኩም።) ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ «ስታት» በሚለው ትእዛዝ የሆስትኔም ፋይሉ መቼ እንደተነካ እዩ፣ ሰዓቱን ከሱዶ ሎግ ጋር አስተያዩ። ሰው የነካው ከሆነ እዚያ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የቢሮው ልጅ ነው።

የራውተሩን ዝርዝር ማጽዳቱም አይከፋም፣ ግን በሱ ብቻ አትተማመኑ፤ ላፕቶፑ ነገ ካፌ ዋይፋይ ላይ ሲገባ ሌላ ራውተር ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል። እኛ ስሙን ካስገባን በኋላ የራውተሩን ሶኬት ነቀልን፣ ማኪያቶ እስኪመጣ ጠበቅን፣ መልሰን ሰካን። ላፕቶፑ ያቺኑ የካሸሯን አይፒ ወሰደ። አዲስ ተርሚናል ከፈትን፤ የሰጠነው ስም እንዳለ ነው።