ቱርቦ ሞተር ላይ ኦክስጅን ሴንሰር ስትገጥሙ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ቱርቦ የተጨመረበት የቤንዚን ፒክአፕ ሲስተካከል አስተካካዩ የሚያምነው ኦክስጅን ሴንሰሩን፣ ማለትም ከጭሱ ተነስቶ ነዳጅ ወይም አየር መብዛቱን የሚናገረውን መለኪያ ነው። ሴንሰሩ ከዋሸ ፒስተን እስከመቅለጥ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚዋሸው ተበላሽቶ ሳይሆን ያለቦታው ተገጥሞ ነው። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የተተከለበትን ቦታ እዩ።

በናሮውባንድ ቱርቦ ማስተካከል

ናሮውባንድ የሚባለው የቆየው ዓይነት ሴንሰር በደንብ የሚያውቀው አንድ ነጥብ ነው፤ እሱም ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር። ነዳጅ ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል። በስንት እንደበዛ ግን አይነግራችሁም። ቱርቦው በደንብ ሲነፋ አብዛኛው የቤንዚን ሞተር ላምዳ ከ0.78 እስከ 0.85 አካባቢ ይፈልጋል (ላምዳ 1 ማለት ያ 14.7 ነው፤ ከ1 ሲያንስ ነዳጅ በዝቷል)። 0.80 ይሁን 0.92 ናሮውባንዱ ሁለቱንም «ነዳጅ በዝቷል» ብሎ ያልፋቸዋል። ለፒስተኑ ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። ስለዚህ በስንት እንደበዛም የሚለካውን ዋይድባንድ ግዙ።

መልኩን አይቶ መግዛት

የቦሽ ኤልኤስዩ 4.2 እና 4.9 የተባሉት ዋይድባንዶች ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ ግን አንዱ በሌላው አይተካም። ኮንትሮለሩ (ሴንሰሩን የሚያሞቀውና የሚያነበው ሳጥን) የሴንሰሩን ሙቀት የሚያውቀው በውስጥ ሬዚስታንሱ ነው። ይህ በ4.2 ላይ 80 ኦም፣ በ4.9 ላይ 300 ኦም ነው። ሶኬት ቀይሮ ማገናኘት ሴንሰሩን ሊያቃጥል ወይም ንባቡን ሊያበላሽ ይችላል። ኮንትሮለራችሁ የተሠራበትን ግዙ፤ ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ እኔ 4.9ን እመርጣለሁ።

ከቱርቦው በፊት መትከል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ቱቦ) ላይ ቦታ አለ፣ ጭሱም ቶሎ ይደርሳል ተብሎ እዚያው ይበየዳል። አንደኛው ችግር ሙቀት ነው። 4.9 ለረጅም ጊዜ የሚችለው የጭስ ሙቀት 930 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ የቤንዚን ቱርቦ ሞተር ደግሞ እዚያ አካባቢ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ግፊት ነው፤ ጉዳቱም የማይታየው እዚህ ላይ ነው። ከቱርቦው በፊት ያለው ጭስ የታመቀ ነው። ግፊት ሲጨምር ዋይድባንድ ያለውን ነገር አጋንኖ ያሳያል። ነዳጅ የበዛበትን ጭስ ከእውነቱ የባሰ ነዳጅ የበዛበት ያስመስለዋል። አስተካካዩ ቁጥሩን አምኖ ነዳጅ ይቀንሳል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ያማረ ነው፣ ሞተሩ ውስጥ ግን ነዳጅ አንሷል።

ስለዚህ ከቱርቦው መውጫ ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር ርቆ፣ ከካታሊስቱ (ከጭስ ማጣሪያው) በፊት ትከሉት። ወደ ማርሚታው ጫፍ አታስጠጉት፤ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ከውጭ የሚመለስ አየር ንባቡን ያበላሸዋል።

የቪ8 ባለቤቶች ደግሞ ይህን አስቡ። ሁለቱም ጎን በአንድ ቱርቦ የሚያልፍ ከሆነ ሴንሰሩ የሚያነበው የስምንቱን ድምር ነው። አንድ ኢንጀክተር ቢደፈን በሰባቱ ይሸፈናል። ካንዴላዎቹን እያወጣችሁ ቀለማቸውን ተመልከቱ። ሁለት ቱርቦ ካለው ለየጎኑ አንድ ሴንሰር ግጠሙ።

አፉን ወደ ላይ ወይም በአግድም መትከል

ቱቦ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። የጋለው ሴራሚክ ላይ ጠብ ካለ ይሰነጥቀዋል። ሴንሰሩ ከቱቦው በላይኛው በኩል ይሁን፣ ጫፉም ወደ ታች ይመልከት፤ ከአግድም መስመር ቢያንስ 10 ዲግሪ ቀና ይበል።

ቀዳዳን አለማየት

ከሴንሰሩ በፊት ጓርኒሲዮን ቢያፈስ ወይም ብየዳው ቢሰነጠቅ አየር ይገባና «ነዳጅ አንሷል» ይላል። አንድ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀርም እንዲሁ ነው፤ ያልተቃጠለው ኦክስጅን አብሮ ይወጣልና። ይህን ሳያጣሩ ነዳጅ መጨመር ነገር ማባባስ ነው።

ማሸጊያ ሲሊኮን ካስፈለገም ማሸጊያው ላይ ለኦክስጅን ሴንሰር እንደማይጎዳ የተጻፈበትን ብቻ ተጠቀሙ። ግሪስ የሴንሰሩ ጥርስ ላይ ብቻ፣ ጫፉን እንዳይነካ።

ናፍጣ ላይ የቤንዚኑን ሕግ መከተል

እንደ አይሱዙ ያለ የናፍጣ መኪና ጤነኛ ሲሆን ሁልጊዜም አየር ይተርፈዋል። ናሮውባንድ እዚያ ምንም አይነግራችሁም። ዋይድባንድ ግን የጥቁር ጭስን ምንጭ ለመፈለግ ይረዳል። ጥቀርሻው ብዙ ስለሆነ ሞተሩ እየሠራ የሴንሰሩ ማሞቂያ ፈጽሞ መጥፋት የለበትም። ኮንትሮለሩን ለጊዜው ካነሳችሁት ሴንሰሩንም ፍቱና ቀዳዳውን በቡሎን ድፈኑ።