ከደካማ ፊልም ጎልቶ የወጣን ትዕይንት እንዴት መመርመር ይቻላል?

ፊልሙ ተረስቶ አንድ ትዕይንት ብቻ ከአእምሮ ካልጠፋ፣ ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ይዩት። መጀመሪያ ድምፁን ያጥፉ፤ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ተዋናዩ መቼ እንደሚንቀሳቀስ ያኔ በደንብ ይታያል። ቀጥሎ ዓይንዎን ጨፍነው ያድምጡ። አንዳንዴ ትዕይንቱን የተሸከመው ሙዚቃው ብቻ ሆኖ ይገኛል (ያሳዝናል!)።

በሦስተኛው ዙር ሾቶቹን (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጻቸውን ቁራጮች) ይቁጠሩና የትዕይንቱን ርዝመት በሰከንድ ለብዛታቸው ያካፍሉ። 120 ሰከንድ በ8 ሾት ከሆነ አማካዩ 15 ሰከንድ ነው። የቀረው ፊልም በየ4 ሰከንዱ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ እዚህ ተዋናዩ ፊቱን የሚያሠራበት ጊዜ አግኝቷል ማለት ነው።

ቆርጠው ለሌላ ሰው ሲያሳዩ ከትዕይንቱ በፊት ያለውን 2 ደቂቃ አይተዉ። ውጥረቱ የሚጠራቀመው እዚያ ስለሆነ፣ ያለሱ ትዕይንቱ ባዶ ጩኸት ይመስላል።