የክፍለ ከተሞችን የተፈጥሮ ሕዝብ ዕድገት ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞችን ልደትና ሞት የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ካዛንቺስ በነበረው ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ በቀረበ ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ልደቱ የተቆጠረው ሕፃኑ በተወለደበት ነው ወይስ እናቲቱ በምትኖርበት የሚለውን ነበር። ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። ከኮዬ ፈጬ ምጥ ይዟት የመጣች እናት ቂርቆስ በሚገኘው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ስትገላገል ልደቱ ለቂርቆስ ከተጻፈ፣ መሃል ከተማው የሌለውን ልጅ ያገኛል፣ ዳር ያለው ደግሞ የራሱን ያጣል። ከክልል በሪፈር መጥቶ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሞተ ሕመምተኛም እንዲሁ ነው። እናቷ ቤት አራዳ የምትታረስ የየካ አባዶ ነዋሪ ስትጨመርማ ነገሩ ይብሳል። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ «የመሃል ከተማ እናቶች አብልጠው ይወልዳሉ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አንዲት አዋላጅ ነርስ የማዋለጃ መዝገቡን ገልጣ የአድራሻውን ዓምድ በጣቷ እየተከተለች ስታነብልኝ፣ በገጹ ላይ ከነበሩት እናቶች የቂርቆስ ነዋሪ የሆኑት ሁለት ብቻ ነበሩ።

የተፈጥሮ ዕድገት ከልደት ሞት ተቀንሶ የሚገኝ ነው፤ ፍልሰት አይገባበትም። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማን የሞላው የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንጂ የማዋለጃ ክፍል አይደለም።

የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን የከተማው ሕዝብ 2,739,551 ነበር። ለሚ ኩራ ያኔ አልተቋቋመም፤ የፒያሳና የካዛንቺስ ነባር ነዋሪም ገና አልተነሣም። የዛሬን ልደት ለዚያ ቁጥር የሚያካፍል ባለሙያ ሲያጋጥመኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትዕግሥቴ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአዲስ አበባን የወሊድ መጠን በአንዲት ሴት 1.8 ልጅ፣ የሶማሌ ክልልን 7.2 አድርጎታል። 1.8 ትውልድ ራሱን ከሚተካበት ከ2.1 በታች ነው፤ ሆኖም ነዋሪው በአብዛኛው ወጣት ስለሆነ ልደት ከሞት ይበልጣል። ናሙናው ለክልልና ለከተማ አስተዳደር የተዘጋጀ በመሆኑ ወደ ክፍለ ከተማ ወይም ወደ ዞን ማውረድ አይቻልም። ቦሌ ያሉ ያላገቡ የቤት ሠራተኞችም አካፋዩን፣ ማለትም ልደት የሚካፈልበትን የነዋሪ ቁጥር፣ እንደሚያሳድጉ አይዘንጋ።

የምታወዳድሯቸው ቁጥሮች የተሰበሰቡበትን ዓመት አመሳስሉ፤ የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው።

ሕጉ ልደትን በ90፣ ሞትን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ ይላል። ይሁን እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት ትምህርት ቤት ስለሚጠይቀው ይወጣል፤ ሞት ግን ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው ወራሾች ፍርድ ቤት ሲሄዱ ነው። ስለዚህ የሚወረስ ቤት የሌላቸው ሰዎች በሚበዙበት ወረዳ ሰው የማይሞት ይመስላል።