አልፋ ሴንታውሪ ለሁለት አልለይ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

አልፋ ሴንታውሪ በባዶ ዓይን ሲታይ አንድ ደማቅ ኮከብ ነው። በቴሌስኮፕ ግን ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ኮከቦች ይሆናል፤ ራቅ ብሎ ያለው ደብዛዛው ፕሮክሲማ ሲጨመር ሦስት ናቸው። ኤ እና ቢን ለያይቶ ለማየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አልለይ ሲሉ ብዙ ሰው ማጉላቱን ለመጨመር ይቸኩላል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ምስሉ እንዴት እንደተበላሸ ልብ ብለው ያስተውሉ፤ መንስኤው የሚታወቀው ከብልሽቱ መልክ ነው።

የተገኘው ኮከብ ትክክለኛው መሆኑ አልታወቀም

ደቡብ መስቀል ከሚባለው የኮከቦች ስብስብ አጠገብ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ጎን ለጎን አሉ። ለመስቀሉ የሚቀርበው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ሃዳር ነው። የሚፈለገው ራቅ ያለው፣ የበለጠ የሚደምቀውና ቢጫማው ነው። እነዚህ ሁለት ጠቋሚዎች አጠገቡ ከሌሉ ያዩት መስቀል ሐሰተኛው፣ ማለትም ደቡብ መስቀልን የሚመስል ሌላ የኮከቦች ስብስብ ነው።

ኮከቡ ከሰሜን 29 ዲግሪ ኬክሮስ ወደ ሰሜን ላለ ተመልካች ጨርሶ አይወጣም። በሚያዝያ መጨረሻ እኩለ ሌሊት ገደማ ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በየወሩ 2 ሰዓት ያህል እየቀደመ ይሄዳል።

አንድ ኮከብ ብቻ ይታያል

መጀመሪያ ዓመቱን ያስቡ። ኤ እና ቢ በ80 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ስለሚዞሩ በመካከላቸው የሚታየው ክፍተት ቋሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 22 አርክ ሰከንድ (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው) ያህል ነበር፤ በ2016 ወደ 4 ጠበበ። ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ነው፤ በ2020ዎቹ መጨረሻ 10 ገደማ ይደርስና በ2030ዎቹ መጨረሻ ከ2 በታች ይወርዳል። የቆየ መጽሐፍ ላይ ያነበቡት ቁጥር ዛሬ ከሚያዩት ጋር ባይገጥም መሣሪያዎን አይጠርጥሩ።

ቴሌስኮፕ ሊለያይ የሚችለውን ትንሹን ክፍተት ለማወቅ 116ን ለሌንሱ ወይም ለመስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ያካፍሉ። 60 ሚሊ ሜትር 1.9 አርክ ሰከንድ ይሰጣል፤ ለአሁኑ ክፍተት ከበቂ በላይ ነው። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ተገቢው አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ትንሹ ሌንስ) ነው። 700 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ቴሌስኮፕ በ25 ሚሊ ሜትር አይፒስ 28 ጊዜ ብቻ ያጎላል፤ በ10 ሚሊ ሜትር 70 ጊዜ። ከ60 እስከ 100 ጊዜ ጥሩ ነው። በእጅ በሚያዝ ባለ 10 ማጉላት ባይኖኩላር አይድከሙ።

በ70 ማጉላትም አንድ ከሆነ ጥፋቱ የነጸብራቅ ነው። ኤ ከቢ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚደምቅ በጨለማ ሰማይ ላይ ብርሃኑ ተንሰራፍቶ ጓደኛውን ይውጠዋል። ከሁሉ ቀላሉ መፍትሄ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ወይም ልትወጣ ስትል ማየት ነው።

ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ላይ ሌላም ነገር አለ፦ ትንሿን መስታወት የሚይዙት አራት ክንፎች በኤ ዙሪያ የመስቀል ጨረር ይፈጥራሉ። ቢ ጨረሩ ላይ ካረፈ አይታይም። ቱቦውን በማቀፊያው ውስጥ 45 ዲግሪ ያዙሩት፤ ጨረሩ ይሸሻል። ካልሆነ ካርቶን ይቁረጡና የቱቦውን አፍ ይክደኑት። ለ200 ሚሊ ሜትር መስታወት በሁለት ክንፎች መካከል፣ ከመሃል ወጣ ብሎ 70 ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳ ያውጡ፤ የክንፎቹ ጨረር ይጠፋል። መሣሪያው እስከ 1.7 አርክ ሰከንድ መለየቱን አይተውም።

ኮከቡ ይፈላል፣ ያብጣል፣ ቅርጽ አይይዝም

ፎከሱን ትንሽ አልፈው ኮከቡን ወደ ሰፊ የብርሃን ክብ ይለውጡት። ከዚያ መዳፍዎን በቱቦው አፍ ግርጌ ይዘው በክቡ ውስጥ የሚነሳውን ጢስ መሰል ነገር ይመልከቱ። የሙቀት መልኩ ያ ነው። እጅዎን ካነሱ በኋላም ከአንድ ጠርዝ ቀስ ብሎ የሚነሳ ተመሳሳይ ጅረት ከቀጠለ ቱቦው ገና አልቀዘቀዘም። 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ውጭ ወጥቶ 20 ደቂቃ፣ 200 ሚሊ ሜትር መስታወት እስከ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት።

ክቡን ሁሉ እንደ ወራጅ ውሃ በፍጥነት የሚያቋርጡ መስመሮች ካሉ ግን ጥፋቱ የከባቢ አየር ነው። በሰሜን 10 ዲግሪ ኬክሮስ ኮከቡ ከአድማስ ከ19 ዲግሪ አይበልጥም፤ ብርሃኑ የሚያልፈው የአየር ውፍረት አናት ላይ ካለ ኮከብ ሦስት እጥፍ ነው። ኮከቡ ከፍተኛ ቦታው ላይ ከሚደርስበት አንድ ሰዓት በፊትና በኋላ ብቻ ይመልከቱ። ቀን የጋለ ጣሪያና አስፋልት በእይታ መስመሩ ላይ እንዳይሆን ቦታ ይምረጡ። ማጉላቱንም ይቀንሱ፤ በሚፈላ አየር 70 ከ200 የተሻለ ያሳያል።

በአንድ ጎን ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ጠርዝ

ይህን የኮከቦቹ ቀለም አድርገው የሚወስዱት ብዙ ናቸው። አይደለም፤ አየሩ እንደ ፕሪዝም ብርሃኑን በትኖት ነው። 20 ዲግሪ ከፍታ ላይ ብትንትኑ 2 አርክ ሰከንድ ያህል ይሆናል። ምልክቱ ከላይ ወደ ታች ብቻ መሆኑና በሁለቱም ኮከቦች ላይ እኩል መታየቱ ነው። ኮከቡን በሙሉ የሚከብ ሐምራዊ ቀለበት ከሆነ ከሌንሱ ነው፤ ኮከቡን ወደ መሃል ሲያመጡት የሚጠፋ ከሆነ ከአይፒሱ። ለአየሩ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ፊልተር ይረዳል። እውነተኛው ቀለም ስስ ነው፦ ኤ እንደ ፀሐይ ቢጫማ ነጭ፣ ቢ ወደ ብርቱካን የሚያዘነብል።

ሁለቱም ኮከቦች በአንድ አቅጣጫ ጭራ አላቸው

መስታወቶቹ አልተስተካከሉም። ከፍ ያለ ሌላ ኮከብ ይዘው ከፎከስ ያውጡት። የትንሿ መስታወት ጥቁር ጥላ ከብርሃን ቀለበቶቹ መሃል ከወጣ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች በአንድ ጊዜ ከአንድ ስምንተኛ ዙር ሳያስበልጡ ያዙሩ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ኮከቡን ወደ እይታው መሃል ይመልሱ፤ ይህን መዝለል ስህተቱን ያባብሳል።

ፎቶው ላይ አንድ ነጭ ክብ ብቻ

የካሜራውን ፒክስል ስፋት በማይክሮን በ206 አባዝተው ለትኩረት ርቀቱ በሚሊ ሜትር ያካፍሉ። ባለ 4 ማይክሮን ካሜራ በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፒክስል 2.7 አርክ ሰከንድ ይይዛል፤ ሁለቱ በሦስት አራት ፒክስል ውስጥ ይጣበቃሉ። 1200 ሚሊ ሜትር ላይ 0.7 ነው፤ በቂ ነው። የብርሃን ጊዜውን ከ1/500 ሰከንድ ይጀምሩ።

ፕሮክሲማ አልተገኘም

ብዙ ሰው የሚፈልገው ከኤ እና ቢ ጎን ነው። ፕሮክሲማ ግን ከእነሱ 2.2 ዲግሪ ይርቃል፤ አራት ሙሉ ጨረቃ ተደርድሮም አይሞላውም። ድምቀቱ 11 ማግኒቱድ (ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ የሚደበዝዝበት መለኪያ) ስለሆነ በጨለማ ሰማይ 100 ሚሊ ሜትር በጭንቅ፣ 150 በደንብ ያሳያል። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ስላለ ዙሪያው መሰሎቹን በርካታ ኮከቦች ይዟል።

ሌላው ስህተት አሮጌ ካርታ ነው። ፕሮክሲማ በዓመት 3.9 አርክ ሰከንድ ያህል ይጓዛል፤ ለ2000 የተሠራ ካርታ ከ25 ዓመት በኋላ ከ1.5 አርክ ደቂቃ (90 አርክ ሰከንድ) በላይ ይስታል። የዘንድሮን ቦታ የሚያሳይ ካርታ ይጠቀሙ። ለማረጋገጥ አካባቢውን ፎቶ አንስተው ከዓመታት በፊት ከተነሳ ምስል ጋር ያስተያዩት፤ ሌሎቹ ባሉበት ቆመው ቦታውን የለቀቀው ቀይ ነጥብ እሱ ነው።