ቤተሰብንና የመስታወት ጽዳት ሥራን ይዘው ወደ አዳማ ሲዛወሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመስታወት ጽዳት ሥራ ዕቃው ጥቂት ነው። ሁለት መሰላል፣ ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ የጎማ መጥረጊያ፣ ረጅም ዘንግ፣ አንድ ጀሪካን ፈሳሽ ሳሙና፣ አቼቶ። ከአልጋውና ከቁምሳጥኑ ጎን አንድ አይሱዙ ላይ ይጫናል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስንመጣ ሥራችንም አብሮ የተጫነ መስሎኝ ነበር። ዕቃው በሰላም ደረሰ። "እሱ ነው፣ ይግባ" የሚለው የሕንፃ ጥበቃ፣ ወር ሲሞላ ራሷ ደውላ የምትጠራኝ የክሊኒክ አስተዳዳሪ ግን እዚያው ቀሩ። ለካ ያኖረን መሰላሉ ሳይሆን እነሱ ነበሩ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ትዳርና ልጆች፣ መሰላልና ባልዲ ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ ለሚሄድ ሰው ነው። ከስህተቶቹ ብዙዎቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ የቀሩትን ሌሎች ሲሠሩ አይቻለሁ።

ቤትንና ሥራን በአንድ ቀን መንቀል

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። እኛ የአዲስ አበባ ደንበኞቻችንን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሰናብተን ጨረስን። አዳማ ላይ የመጀመሪያው ቋሚ ደንበኛ እስኪገኝ ግን ሁለት ወር አለፈ። ቅድሚያ የተከፈለው ኪራይ፣ የአይሱዙው ሒሳብ፣ የደላላው፣ የልጆቹ ዩኒፎርም ተደማምሮ ለክፉ ቀን ያልነውን ገንዘብ ጨረሰው። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ባለቤቴ የቡና ስኒዎቹን ከተጠቀለሉበት ጋዜጣ አላወጣቻቸውም። ጎረቤት ቡና ሲጠራት ሄዳ ትጠጣለች፤ የራሷን ግን አትፈታም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እንመለሳለን ብላ እንደምታስብ ገብቶኝ ነበር።

የፍጥነት መንገዱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዳማ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተሳፈረ ሰው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቃሊቲ ይደርሳል። ስለዚህ ቤተሰቡ ቢዛወርም ከነባር ደንበኞች አራት አምስቱን ይዞ በሳምንት ሁለት ቀን እየተመላለሱ መሥራት ይቻላል። መሰላል ተሸክሞ መመላለስ ስለማይሆን አንዱን መሰላልና አንድ ባልዲ ዕቃ ከሚያምኑት ደንበኛ ግቢ አስቀምጠው ይምጡ። አዳማ ላይ ሥራው ሲቆም የቀሩትን ደንበኞች ለሚያምኑት የሙያ ባልደረባ ይዘውት ሄደው፣ በአካል አስተዋውቀው ያስረክቡ። ስልክ ቁጥር ሰጥቶ መሄድ ማስረከብ አይባልም። ያስረከቡት ሰው መልካም ከሠራ ስምዎ እዚያ ይቆያል፤ አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ድርጅት አዳማ ቅርንጫፍ ሲከፍት "አንድ ሰው ነበር" ብሎ የሚያስታውስዎ በዚህ ነው።

ሌላው መንገድ አንዱ ቀድሞ መምጣት ነው። አንድ ክፍል ተከራይቶ ለጥቂት ሳምንት ሰፈሩን አይቶ፣ ደንበኛ አፈላልጎ፣ ከዚያ ቤተሰቡን ማምጣት። መለያየቱ ይከብዳል፤ ባዶ ኪስ ይዞ አንድ ላይ መቀመጥ ግን ይብሳል።

በትምህርት ዘመኑ መካከል ልጆችን ማንሳት

እኛ የመጣነው በጥር ነው። ሁለተኛዋ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። አዳማ ኦሮሚያ ውስጥ ናት፣ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ልጁ በአማርኛ የሚማርበት ክፍል ቢያገኝም አፋን ኦሮሞ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይጠብቀዋል። ጓደኞቿ ቁቤውን ጨርሰው አረፍተ ነገር ይጽፋሉ፣ እሷ ፊደሉን ከእንግሊዝኛው እየቀላቀለች ታነባለች። አንድ ቀን ደብተሯን ከፍራሽ ስር ደብቃ አገኘናት። ያዳነቻት የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ማታ ማታ እየመጣች፣ እየተጫወቱ አስተማረቻት። በሐምሌ ብንመጣ ኖሮ ክረምቱን ሙሉ ትለማመድ ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ልጅ ካለዎት ደግሞ ይጠንቀቁ። ፈተናው ክልላዊ ነው፣ አዲስ አበባ ሲዘጋጅ የቆየ ልጅ በመካከል ሲነሳ ለሌላ ፈተና መዘጋጀት ይኖርበታል። ዓመቱን ይጨርስ፣ አስፈላጊ ከሆነ ዘመድ ቤት ይቆይ። መልቀቂያውንና የውጤት ካርዱን ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሳይበተን ያውጡ።

መሸኛና ፈቃድን ለኋላ ማቆየት

ከወረዳዎ መሸኛ ሳይዙ አይነሱ። መሸኛ ከሌለ የነዋሪነት መታወቂያ አይገኝም፣ መታወቂያ ከሌለ ሌላውም ጉዳይ ወደፊት አይሄድም። የእኔ መሸኛ ላይ የአንዲት ልጄ ስም ተዘልሎ ስለነበር ለእሱ ብቻ ተመልሼ ሄጃለሁ፤ ወረቀቱን መስኮቱ ፊት ቆመው፣ ስም በስም ያንብቡት።

የቲን ቁጥርዎ ያው ነው፣ አብሮዎት ይሄዳል። የንግድ ፈቃዱ ግን ያወጣው የአዲስ አበባ አስተዳደር ነው። ሥራውን እዚያ ጨርሰው የሚዘጉ ከሆነ የግብር ክሊራንስ አውጥተው ፈቃዱን በአግባቡ ይመልሱ፤ ጥለውት ከመጡ ፋይሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ዕዳውም ይከተልዎታል። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ ዝውውሩን ከዚህ ጊዜ ጋር ማገጣጠም ድካም ይቀንሳል። ባንክም ሆቴልም ሕጋዊ ደረሰኝ ለሌለው ሰው ቋሚ ሥራ አይሰጥም።

የአዳማን መስታወት በአዲስ አበባ ልማድ ማጠብ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለቤተሰቡ ይህ ልዩነት ጋቢ ማጠፍ ነው። ለመስታወት አጣቢ ግን ሙያውን እንደገና መማር ነው።

አዳማ ላይ ያገኘሁት የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ሳሙናውን ከላይ አዳርሼ ጎማውን ከግራ ወደ ቀኝ ስስብ፣ ቀኙ ጋ ሳልደርስ ሳሙናው ደርቆ ነጭ ደመና ሠራ። ውሃ ደፋሁበት፣ ሳብኩ፣ ሌላ ደመና። እጄን መስታወቱ ላይ ሳሳርፍ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ባለቤቱ ከታች እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ያዩኛል፤ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጥቼ ያለ ክፍያ ከሀ እስከ ፐ ደገምኩት። ሰውየው እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ጥላን ተከትዬ ነው። የምዕራቡን ፊት ጠዋት፣ የምሥራቁን ከሰዓት በኋላ። ሥራ 12 ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ጥላው እስኪዞር ውስጥ ገብተን የውስጡን እናጸዳለን። ሳሙና ይቀንሳል፣ ውሃ ይበዛል፣ በአንድ ጊዜ የሚታጠበው ከአንድ ሰው ክንድ ስፋት አይበልጥም።

ሁለተኛው አቧራው ነው። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋ ያ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ የላመና ስል ነው። አቧራ የጠጣን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ማሸት በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ ነው፤ ጭረቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ይታያል፣ አይመለስም። መጀመሪያ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀጥሎ ብዙ ውሃ፣ ከዚያ ሳሙና። ከሁሉም በፊት ደግሞ ተንሸራታቹ አልሙኒየም መስኮት የሚሄድበትን ሐዲድ በቀለም ብሩሽ ጠርገው ያውጡ። መስታወቱን አስቀድመው ካጠቡ ውሃው ሐዲዱ ውስጥ ያለውን አፈር ጭቃ አድርጎ ከታች ባለው፣ በጨረሱት መስታወት ላይ ያወርደዋል።

ሦስተኛው ውሃው ነው። የጉድጓድ ውሃ መስታወት ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። አቼቶን ከውሃ ጋር እኩል ቀላቅሎ መቀባት፣ ጥቂት አቆይቶ ማጠብ ያነሳዋል። ግን የመስኮቱ ደፍ እምነ በረድ ከሆነ አቼቶው ጠብ እንዳይልበት በፕላስቲክ ይሸፍኑ፤ አሲድ እምነ በረድን ይበላዋል፣ ወዙም አይመለስም።

ስለ መሰላል አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ይህን ግን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። መሰላሉ በአራት ሜትር ከፍታ አንድ ሜትር ከግድግዳው ይራቅ፣ አናቱ ይታሰር፣ ከእግሩ ሰው ይቁምበት። ነፋሱ ሲበረታ ይውረዱ። ደንበኛው ቢቆጣም ይውረዱ። ልጆችዎን ይዘው የመጡት ሊያሳድጓቸው ነው።

ቤት በደላላ ዓይን ማየት

ደላላ ቤት የሚያሳየው በበጋ፣ በቀን፣ ውሃ ባለበት ሰዓት ነው። አዳማ በዳገት የተከበበች ስለሆነች ክረምት ላይ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ የሚያስቸግራቸው ሰፈሮች አሉ። የአጥሩን የታች ክፍል ይዩ፤ የጭቃ መስመር ካለበት ጎርፉ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው። ውሃ በስንት ቀን ፈረቃ እንደሚመጣ፣ ሮቶ መኖር አለመኖሩን አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ። ለሥራዎም ውሃ ያስፈልጋል፣ ለመሰላሉም የሚጋደምበት ግቢ።

ስለ ልጆቹ ደግሞ ሁለት ነገር። ወባ ስላለ አጎበር ከዕቃው ሁሉ አስቀድመው ይስቀሉ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ የሚያድግ ልጅን ጥርስ ያበልዛል፤ ወንጂ አካባቢ ይህ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። የከተማው ቧንቧ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ግቢው የራሱ ጉድጓድ ካለው ለመስታወት ይጠቀሙበት፣ ለልጆች መጠጥ ግን ምንጩን ሳያጣሩ አይስጡ።

የአንድ ጊዜ ሥራ ማሳደድ

አዲስ አበባ በወር አንዴ አጥቦ ሒሳብ መቀበል ይቻል ነበር። እዚህ በአራተኛው ቀን አቧራው ተመልሶ ይቀመጣል፣ ደንበኛውም መጀመሪያውኑ ያላጠብክ ይመስለዋል። ስለዚህ ዋጋውን አንሰው፣ ምልልሱን አብዝተው በወር ይዋዋሉ። ጨርሰው ሲወጡ ከኃላፊው ጋር ሆነው እየዞሩ ያሳዩ፣ በስልክ ፎቶ ያንሱ። አዳማ የስብሰባና የሥልጠና ከተማ ስለሆነች ሆቴሎቹ እንግዳ የሚቀበሉበትን ቀን ጠይቀው ከዋዜማው ይግቡ።

የአፋን ኦሮሞ ሰላምታውንም ይማሩ። ጠዋት በር ላይ "አካም ቡልተኒ" ያለ ሰውና ዝም ብሎ ባልዲ ያስቀመጠ ሰው እኩል አይታዩም። ሠራተኛም ቢሆን ሁሉንም ከአዲስ አበባ አያምጡ፤ አንድ የለመደ፣ አንድ የሰፈሩን ልጅ ይያዙ።

እድሩን መርሳት

የወሰዱት እቁብ ካለ ጨርሰው፣ ወይም ዋስ አቁመው ይውጡ። የቀድሞ ሰፈር እድርዎን ግን አዲሱ እስኪቀበልዎ ድረስ አያቋርጡ። እኛ አቋርጠን መጣን፣ አዲሱንም "ስንደላደል" ብለን አቆየነው። በአራተኛው ወር የባለቤቴ አባት አረፉ። ከቀብር ተመልሰን ለቅሶ ለመቀመጥ አዳማ ስንገባ ግቢያችን ውስጥ አግዳሚም ድንኳንም አልነበረም። ገና ስማችንን በቅጡ ያልያዙት ጎረቤቶች ከእድራቸው አግዳሚ ተሸክመው መጡ፣ ሴቶቹ ንፍሮውን ቀቀሉ፣ ስኒ ሲያንስ ባለቤቴ ተነስታ ጋዜጣውን ፈታች። በሚቀጥለው እሁድ ወደ እድሩ ጸሐፊ ሄጄ መመዝገቢያውን ከፈልኩ።