ፋይሉ እጅ የቀየረበትን ቦታ ፈልጉ፦ የፎቶ፣ የዲዛይንና የኮድ ሥራ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጥር ሲገባ ስልኬ ዕረፍት የለውም። የሚደውሉት ሙሽሮች ብቻ አይደሉም፤ የሙያ ጓደኞቼም ናቸው። «ፎቶው ጠፋ»፣ «ከለሩ ተበላሸ»፣ «ማሽኑ ስታክ አደረገ» ይሉኛል። ብዙዎቹ ወዲያው አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ያስባሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው የት ነው? ከዚያስ ወዴት ሄደ? ከካርድ ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከእኔ ወደ ረዳቴ። አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው እዚያ መሸጋገሪያ ላይ ነው።

ካርዱ ባዶ ሆነ፣ ፎቶውም የትም የለም

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ መልስ ነበረኝ። ቅዳሜ ሌሊት ደክሞኝ አንዱን ካርድ ገለበጥኩ። ሌላኛውን የገለበጥኩት መስሎኝ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። እሑድ ጠዋት እሱኑ ካሜራ ውስጥ አስገብቼ ፎርማት አደረግኩት። ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ስትስም ያነሳሁት እዚያ ካርድ ላይ ነበር። ስህተቴን ያወቅኩት አርባ ያህል ፎቶ ካነሳሁበት በኋላ ነው።

ምክንያቱ፦ ካሜራ ፎርማት ሲያደርግ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው የፋይሎቹን ዝርዝር ነው። ፎቶዎቹ ራሳቸው አዲስ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ ካርዱ ላይ ይቆያሉ።

መፍትሄው፦ በዚያች ቅጽበት ማንሳት አቁሙ። አንድም ፎቶ አትጨምሩ። ካርዱን አውጡና በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ሳቡ። ከዚያ ፎቶሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አስነሱ። የተገኘውን ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ እዚያው ካርድ ላይ ካስቀመጣችሁ ያልወጣውን ትደመስሱታላችሁ። የፋይሎቹ ስም ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ይወጣሉ፣ ግን ይወጣሉ። እኔ አብዛኛውን አገኘሁ። የጉልበት መሳሙም ተገኘ። አርባዎቹ አዳዲስ ፎቶዎች የተጻፉባቸው ግን አልተመለሱም። ደውዬ ለቤተሰቡ እውነቱን ነገርኳቸው።

ከዚያ ወዲህ የማልጥሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ካርድ ፎርማት የሚደረገው ፎቶው ሁለት ቦታ ከተገለበጠና ቁጥሩ እኩል መሆኑ ከታየ በኋላ ነው። ካርዱ ላይ 1,284 ፋይል ካለ ሁለቱም ፎልደር ላይ 1,284 መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የ3-2-1 ደንብ ነው። 3 ቅጂ፣ 2 የተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። የእኔ ሦስተኛው ዲስክ እህቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ኢንተርኔቱ የማያስተማምን ከሆነ ይህ በቂ ነው።

አንድ ተመሳሳይ ምልክት አለ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ይከፈታሉ፣ የኋለኞቹ ግን «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላሉ። መገልበጡ ያለ ችግር ያለቀ ይመስል ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ በርካሽ የተገዛ ፍላሽ ወይም ካርድ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው መጠንና ውስጡ ያለው አይገናኝም። ከሞላ በኋላ የተቀበለውን ሁሉ ይጥለዋል። አዲስ ማስቀመጫ ስትገዙ ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት በዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው፣ በማክና በሊኑክስ ደግሞ ኤፍስሪ በሚባሉት ፕሮግራሞች ፈትኑት። ሰዓታት ይወስዳል። ማታ አስጀምራችሁ ተኙ።

የሁለት ካሜራ ፎቶ ተደበላለቀ

ምልክቱ፦ ፎቶዎቹን በሰዓት ስታሰልፉ ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ሙሽራዋ ገና ፀጉሯን ስትሠራ ትታያለች።

ምክንያቱ እኛ አገር ዘንድ የተለመደ ነው። አንደኛው ሰው ካሜራውን በእኛ ሰዓት ሞልቶታል፤ ጠዋት 3:00። ሌላኛው በውጭዎቹ ሞልቶታል፤ 9:00። ልዩነቱ ድፍን 6 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ድፍን ካልሆነ ደግሞ የአንዱ ካሜራ ሰዓት ቀስ በቀስ ተዛብቷል ማለት ነው።

መፍትሄው፦ ላይትሩም ክላሲክ በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ በእኛ ሰዓት የተሞላውን ካሜራ ፎቶዎች ብቻ ምረጡ። ሜታዳታ ከሚለው ሜኑ ኤዲት ካፕቸር ታይም የሚለውን ክፈቱና 6 ሰዓት ጨምሩ። ልዩነቱ በደቂቃ የሚቆጠር ከሆነ ሁለቱም ካሜራዎች ያነሱትን አንድ ቅጽበት ፈልጉ። ቀለበት የገባበት ሰከንድ በጣም ይመቻል። በዚያ ፎቶ ሰዓቱን ስታስተካክሉ የተመረጡት ሁሉ እኩል ይዛወራሉ። ለወደፊቱ ግን ሥራ ሳይጀመር ሁሉም ካሜራ የአንድ ስልክ ሰዓት ፎቶ ያንሳ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

የፎልደር ስምም የዚሁ ችግር ወንድም ነው። ረዳቴ «2017-05-17» ብሎ ይከፍታል፣ ካሜራው ውስጥ ያለው ቀን ግን 2025-01-25 ነው። ሁለቱም ጥር 17 ናቸው፤ ዲስኩ ላይ ግን ስምንት ዓመት ገደማ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ካሜራ የእኛን አቆጣጠር ስለማያውቅ ፎልደሩን በእሱ ቀን እንሰይማለን፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። የእኛውን ቀን መጨረሻው ላይ እንጨምራለን።

ላይትሩም ፎልደሩ ላይ ጥያቄ ምልክት አደረገ

እዚህ ጋ ማንም አይደንግጥ። ላይትሩም ክላሲክ ፎቶውን አያስቀምጥም፤ ፎቶው የት እንዳለና ምን ኤዲት እንደተደረገበት ነው የሚመዘግበው። አንድ ሰው ፎልደሩን ከላይትሩም ውጭ አዛውሮታል ወይም ስሙን ቀይሮታል። ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፋይንድ ሚሲንግ ፎልደር የሚለውን ንኩና አዲሱን ቦታ አሳዩት። ኤዲቱ ሁሉ ይመለሳል። ከዝርዝሩ አጥፍቶ እንደገና ማስገባት ግን የሳምንት ሥራ ያስጠፋል፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ኤዲት ስታደርጉ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ፎቶዎቹ ዝግተኛ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ መሆናቸውን እዩ። ስማርት ፕሪቪው አሠሩ። ረጅሙ ጎናቸው 2,560 ፒክስል የሆኑ ቀላል ቅጂዎች ናቸው፤ ኤክስተርናሉ ተነቅሎ እንኳ ኤዲት ማድረግ ይቻላል።

ላፕቶፔ ላይ ያማረው ፎቶ ስልክ ላይ ፈዘዘ

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ቀለሙ ከፈዘዘ፣ ኤክስፖርት የተደረገው አዶቤ አርጂቢ በሚባለው ሰፊ የቀለም ክልል ነው። ስልኩ ወይም አፑ ያንን ካላነበበ ቀለሙ ይሞታል። ለስክሪን የሚሄደውን ሁሉ አብዛኛው ስክሪን በሚያውቀው የቀለም ክልል፣ በኤስአርጂቢ አውጡ። ቀለሙ ደህና ሆኖ ምስሉ ከደበዘዘ ደግሞ ቴሌግራም አሳንሶታል። ደንበኛው ሊያሳትመው ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩለት። በነፃ አካውንት እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ሳይነካ ይደርሳል። ይህን ያላወቀ ደንበኛ ከቴሌግራም ያወረደውን ምስል ትልቅ ፍሬም ያሠራበትና ቅሬታው ወደ እናንተ ይመጣል።

አማርኛው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተበላሸ

የመጥሪያ ካርድና የሥዕል ሥራ የምትሠሩ ይህን ታውቁታላችሁ። ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው።

ጽሑፉ የተደበላለቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ፣ የተጻፈው በድሮ ፎንት ነው። የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) አልነበሩም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ነበር የግዕዝ ልብስ ያለበሰው። ፎንቱ ሲቀር ልብሱ ይወልቃል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ስለዚህ ዛሬ በድሮው የምንጽፍበት ምክንያት የለም። ጽሑፉን በዩኒኮድ መልሳችሁ ጻፉት ወይም በመቀየሪያ ቀይሩት። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ።

ባዶ ሳጥን ብቻ ከሆነ የሚታየው ጽሑፉ ደህና ነው፤ የተመረጠው ፎንት ግዕዝ ስለሌለው ነው። ፎንቱን ብቻ ቀይሩ።

ወደ ማተሚያ ቤት ስትልኩ ኢለስትሬተር በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ክሪኤት አውትላይንስ አድርጉ። ፊደሉ ቅርጽ ስለሚሆን ፎንት ባይኖራቸውም አይበላሽም። ግን ከዚያ በኋላ ፊደል ማረም አይቻልም። አንድ ጊዜ ሙሽራዋ «ሐና» ስትሆን ካርዱ ላይ «ሀና» ተብሎ ነበር። ለአንባቢ ያው ነው፤ ለእሷ ግን ስሟ አይደለም። ስህተቱ የተገኘው ጽሑፉ ቅርጽ ከሆነ በኋላ ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ፋይል ይኑር፤ አንዱ የሚታረም፣ አንዱ የሚታተም። የሚታተመው ከመሠራቱ በፊት ስሞቹን ቤተሰቡ ያንብባቸው።

የቱ ነው የመጨረሻው?

«ፋይናል»፣ «ፋይናል2»፣ «የእውነት ፋይናል»። መድኃኒቱ አጭር ነው። ቁጥር ስጡት፤ 01፣ 02፣ 03። «ፋይናል» የሚለውን ቃል ተዉት። ፎቶሾፕ ሴቭ አላደርግም ካለ ደግሞ ፒኤስዲ የሚባለው የተለመደው የፎቶሾፕ ፋይል ዓይነት ያለውን የ2 ጊጋባይት ወሰን አልፋችሁ ይሆናል፤ ለትልልቅ ፋይል በተሠራው በፒኤስቢ አስቀምጡ።

ኮድ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ችግር ጊት በሚባለው፣ የፋይሎችን ለውጥ በሚመዘግብ ፕሮግራም ፈተውታል። ግን ዲዛይነርና ፕሮግራመር አብረው ሲሠሩ ሌላ ነገር ይመጣል። ምልክቱ፦ ፕሮጀክቱ ጊትሃብ ወደሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ሲላክ (ፑሽ ሲደረግ) እምቢ ይላል። ምክንያቱ፦ አንዱ የዲዛይኑን ጥሬ ፋይል ፕሮጀክቱ ውስጥ ጨምሮታል፤ ጊትሃብ ደግሞ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ብዙዎች ፋይሉን አጥፍተው እንደገና ይሞክራሉ፣ አሁንም እምቢ ይላል። ጊት ታሪክ ስለሚይዝ የጠፋው ፋይል አሮጌው ኮሚት (ጊት የመዘገበው የለውጥ ነጥብ) ውስጥ አለ። ፋይሉ የገባው በመጨረሻው ኮሚት ከሆነ ያንኑ ኮሚት ማረም ይበቃል። ወደ ኋላ ከራቀ ፊልተር ሬፖ በሚባለው መሣሪያ ከታሪኩ ውስጥ አውጡት። ከዚያ ወዲያ ጥሬ ዲዛይኑ በዲስክና በባክአፕ ይቀመጥ፤ ፕሮጀክቱ ውስጥ የሚገባው ኤክስፖርት የተደረገው ትንሽ ምስል ብቻ ይሁን። ታሪኩን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ለአጋራችሁ ደውሉ። ያልላከው ሥራ ካለው ለብቻው ያስቀምጠው፤ እናንተ ስትጨርሱ ፕሮጀክቱን ከዜሮ ያውርድና ሥራውን እላዩ ላይ ይመልሰው። በአሮጌው ቅጂ ከቀጠለ ያወጣችሁትን ፋይል መልሶ ይዞባችሁ ይመጣል።