ለመስተጋብራዊ ልብ ወለድ ጨዋታ በጎ ፈቃደኛ ሞካሪዎችን ማሰባሰብና ከእነርሱ ጋር መሥራት

ተጫዋቹ ትእዛዝ እየጻፈ ወይም አማራጭ እየመረጠ የሚያራምደው መስተጋብራዊ ልብ ወለድ ከደራሲው ሌላ ሰው ሳይሞክረው ለሕዝብ መቅረብ የለበትም። ደራሲው በሩ በየትኛው ቃል እንደሚከፈት አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሌላ ቃል ለመጻፍ እጁ አይታዘዝለትም። ሞካሪው ግን «መዝጊያውን ግፋ»፣ «በሩን አንኳኳ»፣ «ቁልፉን አስገባ» እያለ ይሞክራል፤ ጨዋታው ለሁሉም «አልገባኝም» የሚል መልስ ሲሰጥ ጉድለቱ ያን ጊዜ ይገለጣል።

ሞካሪ ከመጥራትዎ በፊት ጨዋታውን ራስዎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወቱት፣ የፊደል ግድፈቱንም ያርሙ። በራስዎ ዓይን ሊያገኙት ለሚችሉት ስህተት የሰው ጊዜ መውሰድ ተገቢ አይደለም። ከዚህም በላይ ማንም ሰው አንድን ጨዋታ እንደ አዲስ የሚጫወተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንቆቅልሹን ከፈታ በኋላ ወዳልፈታበት ሁኔታ ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ ስድስት ሰዎች ፈቃደኛ ቢሆኑ ለስድስቱም በአንድ ቀን አይላኩ። መጀመሪያ ለሁለቱ ይላኩ፣ ያገኙትን ካረሙ በኋላ ለሌሎቹ ሁለት ይስጡ፣ የቀሩትን ሁለት ደግሞ ለማጠናቀቂያው ያቆዩ። ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ እንዲህ ያለ ጨዋታ ተጫውቶ የማያውቅ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ልምድ ያለው ሰው ሳያስተውል የሚሻገረውን እንቅፋት የሚነግርዎ ጀማሪው ነው።

በጥሪው ላይ ጨዋታው የሚወስደውን ጊዜ፣ የሚከፈትበትን ፕሮግራም፣ የሚረብሽ ይዘት ያለው እንደሆነና ምላሹ የሚፈለግበትን ቀን በግልጽ ያስፍሩ። ለውድድር የሚያዘጋጁ ከሆነ ደንቡን መሠረት አድርገው ይጠይቁ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የመስተጋብራዊ ልብ ወለድ ውድድር ዳኞች ነጥብ የሚሰጡት ቢበዛ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ባዩት ላይ ተመሥርተው ስለሆነ፣ ሞካሪዎቹ 2 ሰዓት ሲሞላ የት እንደደረሱ እንዲጽፉልዎ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅም የሚገኘው ከጨዋታው ሙሉ መዝገብ፣ ማለትም ሞካሪው የጻፈውንና ጨዋታው የመለሰውን ሁሉ በቅደም ተከተል ከያዘው ጽሑፍ ነው። ሞካሪው «እንቆቅልሹ ከባድ ነው» ቢልዎ ምን እንደሚያርሙ አያውቁም፤ መዝገቡን ሲያነቡ ግን ሰውየው መፍትሔውን ቀደም ብሎ አግኝቶት እንደነበረና ጨዋታው በቃል ምርጫ ብቻ እንደመለሰው ሊያዩ ይችላሉ። ትእዛዝ እየተጻፈባቸው የሚራመዱ ጨዋታዎችን ለመሥራት በሚያገለግለው ኢንፎርም በተባለ ፕሮግራም በተሠሩ ጨዋታዎች «ስክሪፕት» የሚለው ትእዛዝ ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን ሁሉ በፋይል ያስቀምጣል። ሞካሪው አስተያየቱን እዚያው መካከል በኮከብ ምልክት ጀምሮ እንዲጽፍ ይንገሩት፤ ጨዋታው ያንን መስመር እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ እንዳይመልስበት አጭር ደንብ አስቀድመው ይጨምሩ። አማራጭ እየተመረጠባቸው የሚራመዱ ጨዋታዎች የሚሠሩበት ትዋይን የተባለው ፕሮግራም እንዲህ ያለ ትእዛዝ ስለሌለው በየገጹ ግርጌ መለያ ቁጥር ማኖር ይበጃል። ለእያንዳንዱ ቅጂም ቁጥር ይስጡት። በኢንፎርም በአንዱ ቅጂ የተቀመጠ ጨዋታ በታረመው ቅጂ ስለማይከፈት፣ ሞካሪው ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ አዲስ ቅጂ መላክ ድካሙን ከንቱ ማድረግ ነው።

መዝገቡን ሲያነቡ ሞካሪው አንድን ነገር ደጋግሞ የሞከረበትን፣ ያለ ምክንያት ወደኋላ የተመለሰበትን፣ አስተያየት መጻፍ ያቆመበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። የተሰማውን ስሜት ካቀረበው መፍትሔ ለይተው ይመልከቱ፤ «እዚህ ጋ ሰለቸኝ፣ ጠብ ጨምርበት» ቢል መሰልቸቱ እውነት ነው፣ ጠቡ ግን ላያስፈልግ ይችላል። መንገድ ጠፍቶት ሲጠይቅዎ መልሱን በአንዴ አይስጡት፤ በቅድሚያ ምን እንዳሰበ ይጠይቁት፣ ቀጥሎም ፍንጩን በትንሽ በትንሹ ይጨምሩለት። ሥራዎን ለመከላከል አይከራከሩ፤ አንድ ጊዜ የተሟገቱት ሞካሪ ከዚያ በኋላ የሚነግርዎ ደስ የሚያሰኝዎትን ብቻ ይሆናል፣ ይህም ለጨዋታው ትልቅ ጉዳት ነው።

መዝገቡ በደረሰዎት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ አመስግነው ይመልሱ፤ ካረሙ በኋላም በእርሱ ጥቆማ የተስተካከለውን ዘርዝረው ይንገሩት። ለዘገየ ሰው አንድ ማስታወሻ ይበቃል፤ ያለ ክፍያ የሚያግዝዎትን ሰው መወትወት አይገባም። በምስጋና ገጹ ላይ ስሙ እንዲወጣ መፈለጉንና በምን ስም እንደሚወጣ አስቀድመው ይጠይቁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሞካሪዎች የሚጠሩት እርማቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ አንዱን በር ለመክፈት የገባ እርማት ሌላውን ዘግቶት ሊገኝ ስለሚችል፣ ታሪኩን አይተው የማያውቁ ሰዎች እስከ ፍጻሜው ድረስ ሊሄዱበት ይገባል።